የወንድማማቾች ጠብና የቀበሌው ማኅተም

ባሕር ዳር፦ በወረዳ ፍርድ ቤቶች ደጃፍ በማለዳ የሚሰበሰበውን ባለጉዳይ ምን እንዳመጣው የጠየቀ ሰው አንድ መልስ ደጋግሞ ይሰማል። መሬት ነው። ወንድም ወንድሙን፣ እህት ወንድሟን፣ የእንጀራ ልጅ የእንጀራ እናቱን ይከሳል። በመዝገቡ ላይ የሰፈሩት የከሳሽና የተከሳሽ ስሞች ብዙ ጊዜ የአንድ አያት ስም ይጋራሉ። በመዝገቡ ላይ ስሙ የማይሰፍር ሦስተኛ ሰው ግን አለ። ደብዳቤ የሚጽፈው፣ ማኅተም የሚመታው፣ ምስክር የሚያቀርበው ወይም የሚያስቀረው የአካባቢው ሹም ነው።

የዚህ ትንታኔ ትኩረት ይህ ሦስተኛ ሰው ነው። የቀበሌ አመራር ሁሉ መሬት ነጣቂ ነው ማለታችን አይደለም። የራሳቸውን ሞፈርና ቀንበር ሳይለቁ፣ ሌሊት ተጠርተው ድንበር የሚያስታርቁ፣ ለወገናቸው የሚደክሙ ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ መንገዱ ለክፉ ሰው ምን ያህል ክፍት እንደሆነ መመርመር ደጎቹንም አይጎዳም።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። አርሶ አደሩ መሬትን በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። በዚህ ምክንያት መሬት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚተላለፍባቸው በሮች ጥቂት ናቸው። ውርስ፣ ስጦታ፣ ኪራይ፣ በአስተዳደር የሚደረግ ድልድል፣ ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ በካሣ የሚደረግ ማስለቀቅ፤ ከእነዚህ ብዙም አይዘልም። እነዚህ በሮች ሁሉ ደግሞ በቀበሌ በኩል ያልፋሉ። ሟች መሞቱን፣ ወራሽ ልጅ መሆኑን፣ አራሹ ማን እንደሆነ፣ አዋሳኙ እነማን እንደሆኑ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቀበሌው ነው። እንግዲህ መሬት የሚመኝ ሹም ጠመንጃ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው እርስ በርሱ የተጣላ ቤተሰብ ነው።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። በርስት ዘመን በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ መሬት የሚጠየቀው ከአቅኚው አባት የዘር ሐረግ ተቆጥሮ ነበር። ሐረጉ በአባትም በእናትም በኩል ስለሚቆጠር አንድ ሰው በብዙ ቦታ ርስት አለኝ ሊል ይችላል፤ የጠየቀውን ሁሉ ግን አያገኝም። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ሲያሳትም ያሳየው ዋና ነገር ይኸው ነው። እኩል የዘር ሐረግ ካላቸው ሁለት ሰዎች መካከል ሹመት ያለው፣ ሙግት የሚያውቀውና ተከታይ ያፈራው ሰው ሰፊውን መሬት ይዞ ይገኛል። ዘር የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ መሬቱን የሚያስገኘው ግን ተሰሚነት ነው።

በ1960 ዓ.ም የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ሰበብ ሲያምፅ ካስቆጡት ነገሮች አንዱ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ይነጠቃል የሚለው ስጋት ነበር። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከሥልጣናቸው እስከመነሣት የደረሱበት ዓመፅ ነው። የለኪው ገመድ በማን እጅ እንዳለ ገበሬው ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝም ወሰነ። ባላባቱና ጭቃ ሹሙ ቀሩ። መሬት የማከፋፈሉና ክርክሩን የመዳኘቱ ሥልጣን ግን ወደ ገበሬ ማኅበሩና ወደ ፍርድ ሸንጎው ተሻገረ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ማን ለም መሬት፣ ማን ጭንጫ እንደሚደርሰው የሚያውቅና የሚወስን ሰው ሆነ።

ከዚያ በኋላ በ1989 ዓ.ም በክልሉ በብዙ አካባቢ የተካሄደው የመሬት ድልድል መጣ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር አመራር ላይ የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራት» የሚል ስም ተሰጥቷቸው ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ለሌላው አርሶ አደር ጣሪያው እስከ ሦስት ሄክታር ነበር። የትናንቱን ሹም ለመቅጣት የተነገረው ምክንያት ሥልጣኑን ተጠቅሞ መሬት አከማችቷል የሚል ነበር፤ በአንዳንዱ ላይም እውነት ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ማን «ቢሮክራት» እንደሆነ የፈረጀው በየአካባቢው የተቋቋመ ኮሚቴ ነው። በቅጡ ማኅተም ያልያዘ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ የጎጥ ኃላፊ የነበረ ሰው ከባለ ብዙ ጥማዱ ሹም እኩል ተፈርጆ የተቆረጠበት፣ ጎረቤቱ ደግሞ ከኮሚቴው ጋር ባለው ዝምድና ያመለጠበት ሁኔታ በገጠሩ እስከ ዛሬ ይነገራል። ዛሬ «የአባቴ መሬት ነበር» እያሉ የሚሟገቱ ብዙ ልጆች የክርክራቸው ሥር ያለው እዚያ ዘመን ላይ ነው። አንዱ ሹም ሲወርድ መሬቱ ለሌላው ሹም ታዛዥ ተሰጠ። የመሬት መስጫው ማንኪያ ግን ያው ነው፤ የተቀያየረው ያዡ ነው።

ይህን ማንኪያ ለማሳጠር ነበር የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ የመጣው። ከክልሉ አዋጅ ቁጥር 46/1992 ወዲህ ሕጉ በ133/1998፣ በኋላም በ252/2009 ተሻሽሏል። የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የተለጠፈበት ደብተር በብዙ ጎጆ ከሙዳይ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ሁለተኛው ደረጃ ሲጀመር ደግሞ ማሳው ከአየር ላይ በተነሣ ምስል ተለይቶ ካርታ ተሠራለት፤ ዝርዝሩም ለሕዝብ ዕይታ እየቀረበ ቅሬታ ያለው እንዲናገር ተደረገ። ይህ ሥራ ትልቅ ለውጥ ነው። አሮጊቷ እናት «ደብተር አለኝ» ብላ መናገር መቻሏ ከሠላሳ ዓመት በፊት የማይታሰብ ነበር።

ታዲያ ደብተሩ እያለ መሬት እንዴት ይነጠቃል? አንድ ቤተሰብ በምሳሌ እናስብ። አባት ሞቷል። ደብተሩ በአባትና በእናት ስም ነው። ታላቁ ልጅ ቀርቶ ያርሳል፤ ግብሩንም የሚከፍለው እርሱ ስለሆነ ደረሰኙ በእጁ ነው። ሴት ልጅ ወደ ዓረብ አገር ከሄደች ስድስት ዓመት አልፏል፤ ለማዳበሪያ፣ ለበሬ መግዣ ትልካለች። ሦስተኛው በከተማ በቀን ሥራ ይተዳደራል። ትንሹ ከእናቱ ጋር ነው። አባት ሲሞት ማንም ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ስም አላዛወረም። ሐዘን ነበር፣ ከዚያ ተዝካር ነበር፣ ከዚያ ክረምት ገባ። ዓመታት አለፉ።

ከዚያ ታላቁ ልጅ ትዳር ይይዛል፤ ጥያቄውም ይነሣል። እርሱ «ያረስኩት እኔ ነኝ» ይላል። እህቱ በስልክ «በሬውን የገዛሁት እኔ ነኝ» ትላለች። እናት ደግሞ በደብተሩ ላይ የራሷ ፎቶ ስላለ መሬቱ የሟች ብቻ ውርስ እንዳልሆነ፣ የእርሷ ይዞታ እንዳለበት ታውቃለች፤ ልጆቿን ላለማስቀየም ግን ዝም ትላለች። እስከዚህ ድረስ ጠቡ የቤተሰብ ነው። ሁለት ብልህ ሽማግሌ በአንድ እሑድ ሊጨርሰው ይችላል።

ሹሙ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የሚገባውም በአስታራቂነት ነው። «እስክትስማሙ ድረስ መሬቱን ቀበሌው ይጠብቀው፤ እስከዚያ ጦም እንዳያድር ሌላ ሰው በእኩል ይረሰው» ይላል። የሚያርሰው ሰው የሹሙ የአጎት ልጅ ነው። ወይም ታላቁን ልጅ ለብቻው ጠርቶ መረጃ እንደሚጽፍለት ቃል ይገባለታል፤ በምላሹ ከወንዙ ዳር ያለችውን ሁለት ጥማድ ለረዥም ዘመን እንዲያከራይ ይጠይቀዋል። ወይም ሴት ልጅቱ «ከቀበሌው የለቀቀች» ተብላ በደብዳቤ ትሰረዛለች። ሕጉ የይዞታ መብት የሚቋረጥባቸውን ምክንያቶችና ሥርዓቱን ደንግጓል፤ በቃል ወሬ ግን ማንም አይሰረዝም። ይሁን እንጂ ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለች የቤት ሠራተኛ ያንን ደብዳቤ የምታየው መቼ ነው?

ሦስት መኸር ካለፈ በኋላ የሹሙ ዘመድ ግብር የከፈለበት ደረሰኝ አለው። አዋሳኞቹም ቢጠየቁ «ሲያርስ ያየነው እርሱን ነው» ይላሉ፤ ቃላቸውም ውሸት አይደለም። ወንድማማቾቹ በመጨረሻ ሲታረቁ የታረቁበት መሬት በሌላ ሰው እጅ ነው። አሁን የሚከሱት እርስ በርስ ሳይሆን ምስክር ካለውና ደረሰኝ ከያዘ ሰው ጋር ነው።

ሌላም መንገድ አለ። በችግር ጊዜ ብር የተበደረ ገበሬ መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጣል፤ አበዳሪው ብሩ እስኪመለስ ወለዱን በምርቱ ይበላል። ሽያጭ ክልክል ስለሆነ «ስጦታ» ተብሎ የሚጻፍ ውልም አለ። ገንዘብ የተቀበለ ሰው ለባዕድ ሰው መሬት «ሰጥቶ» በሽማግሌ ፊት ሲፈርም ሁሉም ነገሩን ያውቃል፤ ሁሉም ዝም ይላል። ይህን ውል የሚያጸድቀው ማኅተም ያለው ሰው ዝምታውን በዋጋ ይሸጣል። ለከተማ ነዋሪም ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። በከተማ ዳርቻ በስጦታ ውል ቦታ ገዝቶ የጨረቃ ቤት የሠራ ሰው ሲፈርስበት የሚቆመው ከገበሬው ወራሾች ጋር በአንድ ሰልፍ ነው፤ ሁለቱም ተበድለናል ይላሉ፤ ገንዘቡን ያጋጠመው ደላላና ማኅተሙን የመታው ሹም ግን በሰልፉ ውስጥ የሉም።

ዋናው ጥያቄ ጎረቤት ለምን ዝም ይላል የሚለው ይመስለናል። በገጠር የማን ድንበር የት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። የወሰን ድንጋይ ሌሊት ሲነቀል ንጋት ላይ አገሩ ሁሉ ያውቃል። በችሎት ግን ምስክር ይጠፋል። ምክንያቱን ለማወቅ የቀበሌውን ሹም የአንድ ዓመት ሥራ መቁጠር ይበቃል። ማዳበሪያ የሚያገኘውን ገበሬ ስም ዝርዝር ቀበሌው ያዘጋጃል። መታወቂያ፣ ለብድር የሚያስፈልግ ድጋፍ ደብዳቤ፣ ሴፍቲኔት ባለበት ወረዳ የተረጂ ምልመላ፣ ሁሉም በዚያው ጠረጴዛ ያልፋል። ዛሬ በሹሙ ዘመድ ላይ የመሰከረ ሰው በሰኔ ማዳበሪያው ሊዘገይበት ይችላል። ማንም አልዛተበትም፤ ዛቻም አያስፈልግም። ስለዚህ ምስክሩ አመመኝ ይላል፣ ወይም ለቅሶ ሄደ ይባላል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል እየሳቅን እንናገረዋለን። ለማዝናናት ያህል ጥሩ ነው። ነገር ግን የአባባሉ ክፋት ተበዪውን ጨርሶ መርሳቱ ነው፤ ስለ በላውና ስላልበላው ሹም ይናገራል እንጂ ማሳው ስለተበላበት ቤተሰብ ምንም አይልም።

ሕጉ ባዶ አይደለም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 በሥልጣን አላግባብ መጠቀምን ይቀጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1195 እና 1196 ያስቀመጠው መርሕም እዚህ ይጠቅማል፦ ከመንግሥት የተሰጠ የባለቤትነት ማስረጃ የያዘ ሰው ባለመብት እንደሆነ ይገመታል፤ ማስረጃው ከሕግ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል እንደተሰጠ ከተረጋገጠ ግን ግምቱ ይፈርሳል። በተንኮል የወጣ ደብተር የመጨረሻ ቃል አይደለም ማለት ነው። ተበዳዩ ይህን ካላወቀ ግን ደብተሩን ባየ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል፤ ሹሙም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

ክፍተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የታሰበው ለከባድ ወንጀል ምስክሮች ነው። በፍትሐ ብሔር ችሎት ስለ ሁለት ጥማድ ማሳ የሚመሰክር ገበሬ በዚያ ጥላ ሥር አይጠለልም። ሀብት ለማስመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 668/2002ም የሹሙን፣ የትዳር ጓደኛውንና የጥገኛ ልጆቹን ሀብት ይጠይቃል፤ በአጎት ልጅ ስም የሚታረሰውን መሬት አያይም። የገጠር ምዝበራ ደግሞ በአብዛኛው በዘመድ ስም ነው። በጸጥታ ችግር ምክንያት የፍርድ ቤትና የመሬት ጽሕፈት ቤት ሥራ በተስተጓጎለባቸው ቀበሌዎች ጉዳዩ ይበልጥ ይከፋል፤ የተያዘ መሬት በእያንዳንዱ መኸር ለያዡ ተጨማሪ ምስክር ያፈራልና።

በእኛ አስተያየት በየዓመቱ የሚደረገው የፀረ ሙስና ስብሰባና መፈክር ለዚህ ችግር ብዙም አይፈይድም። ከዚያ ይልቅ ሦስት ተራ ነገሮች የበለጠ ይጠቅማሉ። የቀበሌው የይዞታ ዝርዝር በካርታ ሥራ ወቅት አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ፣ ለምሳሌ ከመኸር በኋላ፣ በጎጥ ስብሰባ ጮክ ብሎ ይነበብ። ካለፈው ዓመት የተለወጠ ስም ካለ ለምን እንደተለወጠ ይጠየቅ። ሹሙ ወይም ዘመዱ ጥቅም ባለበት መሬት ላይ ማስረጃ የሚጽፈው ቀበሌው ሳይሆን የወረዳው ጽሕፈት ቤት ይሁን። ዳኞችም ምስክሮችን ወደ ከተማ ከማስጠራት ይልቅ ቦታው ድረስ ወርደው ይዩ። በማሳው ላይ ቆሞ፣ አዋሳኙ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ዳኛው ባለበት ለመዋሸት ይከብዳል። ደፍሮ ለመመስከርም ብቻን አለመሆን ያግዛል።

ለቤተሰቦች ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው ነገር ጊዜ ነው። ባለይዞታ ሲሞት ስም ማዛወሩ ከተዝካሩ ቀጥሎ ይሁን እንጂ ለሚቀጥለው ዓመት አይተው። ወንድም የእህቱን ድርሻ የሚያርስ ከሆነ በእኩልም ይሁን በኪራይ በጽሑፍ ይሁን፤ በአንድ ማሕፀን ልጆች መካከል ወረቀት ነውር የሚመስለው ሰው ካለ በኋላ በፍርድ ቤት የሚጻፈው ወረቀት እንደሚብስ ያስብ። በውጭ አገር ያሉ ልጆች በታወቀ ውክልና ሰው ይወክሉ። ቀበሌው «አይሆንም» ካለ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይበል፤ በጽሑፍ ያልተሰጠ እምቢታ ይግባኝ የለውም። እናቶች በደብተሩ ላይ ያለ ፎቷቸው ጌጥ እንዳልሆነ ይወቁ። ጠቡ ገና ከቤት ሳይወጣ ሽማግሌ ሲመረጥ ደግሞ ከቀበሌ ኃላፊነት ውጭ የሆነ ሰው ይመረጥ።

ይህ ሁሉ አሁን የሚነሣበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የቀድሞውን 456/1997 ተክቷል። ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን አስይዞ ከገንዘብ ተቋም ብድር እንዲወስድም ፈቅዷል። ለአርሶ አደሩ ትልቅ በር ነው። ደብተሩ የሚያሳየው የማረስ መብትን ብቻ አይደለም፤ የብር ዋጋም አለው። በከተማ ዳርቻም የካሣ አዋጁ 1161/2011 ከወጣ ወዲህ የተነሺዎች ዝርዝር ላይ ስም ማስገባት ከማሳው ምርት የሚበልጥ ገንዘብ የሚያስገኝበት ጊዜ አለ። ያልተዛወረ ስም፣ ያልታረቀ ወንድማማች፣ «ቀበሌው ይጠብቀው» የተባለ መሬት ያለው ቤተሰብ ደብተሩን ባንክ ፊት ሲያቀርብ በላዩ የሚነበበው የማን ስም እንደሆነ ከዛሬ ጀምሮ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማየት ይችላል። መዝገቡ እዚያ አለ፤ ለባለይዞታውም መታየት ይገባዋል።